ምዕራፍ 7፦ ሬዲዮው የሚያስታውሰው

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ተሸክሞት የመጣው ዝናብ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ምዕራባዊ ተራሮች ላይ ወረደ። ወንዞች ሞልተው ድልድይና መንገድ ጠረጉ። መብራት ጠፋ፤ የሞባይል ስልክ ተቋረጠ፤ ኢንተርኔትም አብሮ ሄደ። በአሽቪል ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ሸለቆዎች ሰው ዘመዱ ይኑር አይኑር የሚጠይቅበት መንገድ አጣ። በዚያ ሁሉ መሐል ሥራውን የቀጠለ አንድ የአማተር ሬዲዮ ሪፒተር፣ ማለትም የሰማውን በትልቅ ጉልበት መልሶ የሚያሰራጭ ሬዲዮ፣ ነበር። የቆመው በሚቸል ተራራ ላይ ነው። የተራራው ከፍታ 2,037 ሜትር ሲሆን ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ካሉት የአሜሪካ ተራሮች የሚበልጠው የለም። የሪፒተሩ ፍሪኩዌንሲ 145.190 ሜጋኸርዝ ነው። አማተር ሬዲዮኞች እዚህ ቁጥር ላይ ተገናኝተው ደብዛቸው ስለጠፋ ሰዎች ጠየቁ፣ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ተነጋገሩ፣ እርዳታ የት እንደሚያስፈልግ አስተላለፉ።

ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ያንን ሪፒተር ለመጠቀም ሬዲዮ መያዝ ብቻ አይበቃም። ሬዲዮው በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚሰማ፣ በየትኛው እንደሚናገር፣ ሪፒተሩን የሚከፍት ምልክት ካለም የትኛው እንደሆነ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ይህንን ሁሉ ዝናቡ ሳይመጣ ያስገባ ሰው የቻናሉን ቁጥር መርጦ መናገሪያውን ይጫናል። ያላስገባው ሰው የአካባቢውን ሪፒተሮች ዝርዝር ልፈልግ ቢል ኢንተርኔት የለም። ሬዲዮ በጭንቅ ሰዓት የሚያስታውሰው ባለቤቱ በሰላሙ ጊዜ ያሰበለትን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሬዲዮን ሜሞሪ በኮምፒውተር መሙላት ቁጥር የመጻፍ ሥራ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከማን ጋር፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደምንነጋገር አስቀድሞ የመወሰን ሥራ ነው። ምዕራፉ በመጀመሪያ አንድ ቻናል በውስጡ ምን እንደያዘ ያሳያል፤ ቀጥሎ ገመዱንና ፕሮግራሙን፤ በመጨረሻም ሌሎች ሰዎች ጭምር ሊተማመኑበት የሚችሉ የቻናሎች ዝርዝር እንዴት እንደሚዘጋጅ።

ከክሪስታል እስከ ፋይል

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የኤፍኤም መገናኛ ሬዲዮ ቻናሉን የሚያውቀው በኳርትዝ ክሪስታል ነበር። ክሪስታሉ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በተቆረጠበት ልክ ይርገበገባል፤ ፍሪኩዌንሲውም ከዚያ ይወለዳል። ለአንድ ቻናል ሁለት ክሪስታል ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ለመስሚያ፣ አንዱ ለመናገሪያ። አዲስ ቻናል የፈለገ ሰው ክሪስታሉን በልኩ አሠርቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ በፖስታ እስኪደርሰው ይጠብቃል። ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ቻናል ያለው ሬዲዮ በቂ ነበር፤ ባለቤቱም እያንዳንዱን ቻናል አስቦበት ነበር የሚመርጠው።

በኋላ ሲንተሳይዘር የሚባለው ሰርኪት መጣ። ከአንድ ማመሳከሪያ ክሪስታል ተነስቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍሪኩዌንሲዎችን ያመነጫል። ክሪስታል መግዛት ቀረና በምትኩ ቁጥር ማስቀመጥ ተጀመረ። ቁጥሮቹ የሚቀመጡት ባትሪው ቢወጣም በማይጠፋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ውስጥ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት ርካሽ የእጅ ሬዲዮዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ የወጣው የቻይናው ባዎፌንግ ዩቪ-5አር ነው። 128 ቻናሎች ይይዛል።

ችግሩ እነዚያን 128 ቻናሎች በሬዲዮው ቁልፎች ብቻ መሙላት እጅግ አድካሚ መሆኑ ነው። በዩቪ-5አር ላይ አንድ የሪፒተር ቻናል ለማስገባት የመስሚያውን ፍሪኩዌንሲ እንጽፋለን፤ ሜኑ 13 ገብተን ሪፒተሩን የሚከፍተውን ምልክት፣ ቶን የሚባለውን፣ እንመርጣለን፤ ሜኑ 27 ገብተን እናስቀምጣለን። ከዚያ የመናገሪያውን ፍሪኩዌንሲ ይዘን እንደገና ሜኑ 27 ገብተን እዚያው ቻናል ላይ ለሁለተኛ ጊዜ እናስቀምጣለን። ይህን ሁለተኛ ዙር የዘለለ ሰው ሪፒተሩን እየሰማ ሪፒተሩ ግን እሱን አይሰማውም። ይህ ሁሉ ተደርጎም ለቻናሉ ስም መስጠት አይቻልም፤ በዚህ ሬዲዮ ላይ ስም የሚገባው በኮምፒውተር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቻናሎቹን ዝርዝር በሙሉ በአንድ ገጽ አይቶ፣ አስተያይቶና አርሞ በአንድ ጊዜ ወደ ሬዲዮው ለመላክ ያስችላል።

በአንድ ቻናል ውስጥ ያለው

የሚቸል ተራራውን ሪፒተር እንደ ምሳሌ እንያዝ። ሪፒተር የሚሠራው እየሰማ በዚያው ቅጽበት የሰማውን በትልቅ ጉልበት መልሶ በማሰራጨት ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁለቱንም ልሥራ ቢል የራሱ ድምፅ ጆሮውን ይደፍነዋል። ስለዚህ የሚሰማበትና የሚናገርበት ፍሪኩዌንሲ ይለያያሉ። በሁለት ሜትር ባንድ ላይ የተለመደው ልዩነት 600 ኪሎኸርዝ ነው። የሚቸሉ ሪፒተር በ145.190 ይናገራል፤ ልዩነቱ ወደ ታች በመሆኑ የሚሰማው በ144.590 ነው። እኛ የዚህን ግልባጭ እናደርጋለን፤ በ145.190 እንሰማለን፣ በ144.590 እንናገራለን። በፕሮግራሙ ሰንጠረዥ ላይ ይህ በሦስት ቦታ ይጻፋል፤ ፍሪኩዌንሲ 145.190፣ አቅጣጫው የመቀነስ ምልክት፣ ኦፍሴቱ (የልዩነቱ መጠን) 0.600።

ቀጣዩ ቶን ነው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሩቅ የሚመጣ ባዕድ ምልክት ሪፒተሩን እንዳይቀሰቅስ ብዙ ሪፒተሮች ሲቲሲኤስኤስ የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ተናጋሪው ሬዲዮ ከድምፁ ጋር አንድ ዝቅተኛ ቶን አብሮ ይልካል። በተለመደው ዝርዝር ቶኑ ከ67.0 እስከ 254.1 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገኛል፤ የሬዲዮው ማጣሪያ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚቆርጠው ጆሯችን አይሰማውም። ቤተኛ ሰው በር ሲያንኳኳ አኳኳኑ እንደሚለየው ሁሉ ሪፒተሩም የራሱን ቶን ሲሰማ ብቻ ይከፍታል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ሰንጠረዡ ስለ ቶን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይጠይቃልና። የመጀመሪያው ምርጫ ቶኑን ስንናገር ብቻ መላክ ነው። ሁለተኛው ስንናገር መላክና ስንሰማም ያው ቶን ካልመጣ ድምጽ ማጉያውን ዝም ማሰኘት ነው። ሪፒተሩ ከእኛ ቶን ይፈልጋል እንጂ እሱ ራሱ ቶን የማይልክ ከሆነ ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ምንም አይሰማም፤ ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ስለ ሪፒተሩ እርግጠኛ መረጃ እስክናገኝ ድረስ የመጀመሪያውን መምረጥ ይሻላል። በመጀመሪያው ምርጫ ቢበዛ አላስፈላጊ ድምፅ እንሰማለን፤ በሁለተኛው ግን አስፈላጊው ድምፅ ሊያመልጠን ይችላል።

የሞገዱ ስፋትም አለ። ሰፊው ኤፍኤም በ25 ኪሎኸርዝ፣ ጠባቡ በ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል ላይ እንዲሠራ የታሰበ ነው። በሰፊ በሚሠራ ሪፒተር ላይ በጠባቡ የሚናገር ሰው ድምፁ የሰለለ ሆኖ ይሰማል። በጠባብ በሚሠራው ላይ በሰፊው የሚናገር ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል፣ የጎረቤትንም ቻናል ይረብሻል። ከእነዚህ በተጨማሪ የጉልበት መጠን፣ በፍለጋ ጊዜ ቻናሉ ይታለፍ አይታለፍ የሚለውና ስሙ ይገባሉ።

ይህ ሁሉ በሬዲዮው ውስጥ የሚይዘው ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። በዩቪ-5አር ውስጥ አንድ ቻናል ከስሙ በስተቀር 16 ባይት ነው፤ 128ቱም ተደምረው 2,048 ባይት። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች የመስሚያው ፍሪኩዌንሲ ናቸው። ቁጥሩ በ10 ኸርዝ ተካፍሎ፣ በአንድ ባይት ሁለት አሃዝ እየሆነ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይጻፋል። 145.190 ሜጋኸርዝ 14519000 ይሆንና በማኅደሩ ውስጥ 00 90 51 14 ሆኖ ይቀመጣል። ቀጣዮቹ አራት ባይቶች የመናገሪያው ናቸው፤ 00 90 45 14፣ ማለትም 144.590። ቶን ደግሞ በአሥር ተባዝቶ ይገባል፤ 88.5 ኸርዝ 885 ተብሎ።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስለሚያስረዳ ነው። ሬዲዮው ስለ ኦፍሴት፣ ስለ መደመርና መቀነስ በቻናሉ ማኅደር ውስጥ የጻፈው የለም፤ የሚያውቀው ሁለት ሙሉ ፍሪኩዌንሲዎችን ነው። ሒሳቡን የሚሠራልን ፕሮግራሙ ነው። ስለዚህም መስሚያና መናገሪያቸው በጣም የተራራቁ ቻናሎች፣ ሌላው ቀርቶ በሁለት የተለያዩ ባንዶች ላይ ያሉ እንኳ፣ በአንድ ቻናል ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። ወደዚህ ጉዳይ ከጥቂት ገጽ በኋላ እንመለሳለን።

ገመዱና ፕሮግራሙ

ሬዲዮውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ሁለት ፒን ያለው ሶኬት አለው፤ አንዱ ፒን 3.5፣ ሌላው 2.5 ሚሊሜትር። በገመዱ ውስጥ የዩኤስቢን ቋንቋ ወደ ሬዲዮው ተከታታይ ምልክት የምትተረጉም ትንሽ ቺፕ አለች። ብዙው ራስ ምታት የሚመጣው ከእሷ ነው። በርካሽ ገመዶች ውስጥ ፕሮሊፊክ የተባለውን ኩባንያ ቺፕ አስመስለው የተሠሩ ቺፖች በብዛት ይገኛሉ፤ የኩባንያው አዳዲስ የዊንዶውስ ድራይቨሮችም እነዚህን አይቀበሉም። ገመዱ ተሰክቶ ዊንዶውስ የስህተት ምልክት ካሳየ ሬዲዮውን ከመጠርጠር በፊት ቺፑን መጠርጠር ይገባል። ኤፍቲዲአይ የተባለው ኩባንያ ትክክለኛ ቺፕ ያለበት ገመድ ዋጋው ከፍ ቢልም ያሳርፋል። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ድራይቨር መጫን ባያስፈልገውም የተከታታይ ወደቦችን ለመክፈት ፈቃድ ባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ መግባት አለበት።

ሌላው የተለመደ እንቅፋት ከዚህም ይቀላል። ሶኬቱ እስከ መጨረሻው አልገባም። ሁለቱ ፒኖች በጥብቅ ተገፍተው ካልገቡ ኮምፒውተሩ ገመዱን ያያል፣ ሬዲዮውን ግን አያገኘውም። ሬዲዮው መብራቱን፣ ድምፁም ከፍ ማለቱን፣ ሶኬቱ ጠልቆ መግባቱን አረጋግጦ መጀመር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ወደ ፕሮግራሙ እንምጣ። የሬዲዮ አምራቾች ለየራሳቸው ሬዲዮ የሚሸጡት ወይም የሚሰጡት ፕሮግራም አላቸው። ችግሩ እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ብቻ መሆኑ ነው። የሦስት ኩባንያ ሬዲዮ ያለው ሰው ያንኑ ዝርዝር ሦስት ጊዜ ይጽፋል። ይህን አጥር ያፈረሰው ቺርፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ዳን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመርና አማተር ሬዲዮኛ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀመረው። የተጻፈው በፓይተን ቋንቋ ሲሆን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው በተፈቀደበት የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው የሚታተመው። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ካበቃ በኋላ በጎ ፈቃደኞቹ ወደ ፓይተን 3 አሸጋግረው በአዲስ መልክ አወጡት። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል።

ስለ ቺርፕ በአድናቆት መናገር ተገቢ ነው። ከላይ ያየናቸውን ባይቶች አብዛኞቹ አምራቾች ይህ እዚህ ነው፣ ያ እዚያ ነው ብለው አላስታወቁም። በየአገሩ ያሉ አማተሮች አንድ ቻናል እየቀየሩ፣ ማኅደሩን እያነበቡ፣ የተለወጠውን ባይት እየፈለጉ ነው የእያንዳንዱን ሬዲዮ ካርታ የሠሩት። ያን ካርታ ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። አንድ ሰው ለራሱ ሬዲዮ ያወቀውን ለሁሉም ሰጠ፤ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሬዲዮ ዓይነቶች በአንድ ሰንጠረዥ ይሞላሉ። አማተር ሬዲዮ ከጅምሩ የቆመው በዚህ መንፈስ ላይ ነው፤ ያወቀ ላላወቀ ያሳያል።

በቺርፕ ሥራ ሲጀመር የመጀመሪያው እርምጃ መጻፍ አይደለም፤ ማንበብ ነው። የገመዱን ወደብ፣ አምራቹንና የሬዲዮውን ዓይነት መርጠን ከሬዲዮው እናወርዳለን። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ ሰባት ባይት የሆነ የመግቢያ ቃል ይልካል፤ ሬዲዮው ቃሉን ካወቀው ይመልሳል፤ ከዚያ ማኅደሩ በ9600 ባውድ ፍጥነት ቁራጭ በቁራጭ ይነበባል። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። የተሳሳተ የሬዲዮ ዓይነት የመረጠ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው፤ የመግቢያው ቃል ስለሚለያይ ሬዲዮው መልስ አይሰጥም።

የወረደው ፋይል የሬዲዮው ሙሉ ምስል ነው። በውስጡ ከቻናሎቹ ሌላ የሬዲዮው ልዩ ልዩ ቅንብሮች አሉ። ምንም ሳይነካ፣ የሬዲዮውን ስምና ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጽፎ ማስቀመጥ የግድ ነው። በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ የምንመለስበት ቤት እሱ ነው። የጓደኛን ምስል ፋይል በቀጥታ ወደ ራስ ሬዲዮ መላክም መወገድ አለበት፤ ሬዲዮዎቹ ከውጭ አንድ ቢመስሉም የውስጥ ፕሮግራማቸው ዘመን ሊለያይ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቶ ከጓደኛው ሰንጠረዥ የሚፈለጉትን ረድፎች ገልብጦ የራስ ሬዲዮ ሰንጠረዥ ላይ መለጠፍ ነው። በዚህ መንገድ የሚሻገሩት ቻናሎቹ ብቻ ናቸው።

በሰማይ የሚያልፍ ሪፒተር

አሁን የተማርነውን በአንድ ከበድ ያለ ምሳሌ እንፈትነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ መሬትን ይዞራል። በጣቢያው ላይ የአማተር ሬዲዮ አለ፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ብዙውን ጊዜ እንደ ሪፒተር ይሠራል። በ145.990 ሜጋኸርዝ ይሰማል፣ በ437.800 ይናገራል፤ የሚከፈተውም በ67.0 ኸርዝ ቶን ነው። የሚሰማውና የሚናገረው በሁለት የተለያዩ ባንዶች ላይ ስለሆነ የመደመርና የመቀነስ ምልክት እዚህ አያገለግልም። በቺርፕ ላይ የመስሚያውንና የመናገሪያውን ፍሪኩዌንሲ ለየብቻ የሚያስጽፈውን ምርጫ እንወስዳለን። ሬዲዮው የሚያውቀው ሁለት ሙሉ ፍሪኩዌንሲዎችን ነው ያልነው እዚህ ላይ ፍሬው ይታያል።

ጣቢያው በሰከንድ 7.7 ኪሎሜትር ያህል ይበርራል። ወደ እኛ ሲመጣ ሞገዱ ይታመቃል፣ ሲርቅ ይሳባል፤ ዶፕለር የሚባለው ክስተት ይህ ነው። በ437.800 ላይ ለውጡ ወደ 10 ኪሎኸርዝ ይደርሳል፤ ጣቢያው ከአድማስ ብቅ ሲል ከትክክለኛው በላይ፣ ሊጠልቅ ሲል ከትክክለኛው በታች እንሰማዋለን። በ145.990 ላይ ግን ለውጡ የዚህ አንድ ሦስተኛ ስለሆነ የኤፍኤም መቀበያው ይሸከመዋል። ስለዚህ መናገሪያውን ሳንነካ መስሚያውን በአምስት ተከታታይ ቻናሎች እናስቀምጣለን፦

ቻናል 21፦ መስሚያ 437.810፣ መናገሪያ 145.990፣ ቶን 67.0
ቻናል 22፦ መስሚያ 437.805፣ መናገሪያ 145.990፣ ቶን 67.0
ቻናል 23፦ መስሚያ 437.800፣ መናገሪያ 145.990፣ ቶን 67.0
ቻናል 24፦ መስሚያ 437.795፣ መናገሪያ 145.990፣ ቶን 67.0
ቻናል 25፦ መስሚያ 437.790፣ መናገሪያ 145.990፣ ቶን 67.0

ቶኑ በሁሉም ላይ በመናገሪያ ጊዜ ብቻ የሚላክ ሆኖ ይመረጣል። ጣቢያው ከአድማስ ሲወጣ ከ21 እንጀምራለን፤ ድምፁ መሻከር ሲጀምር አንድ ቻናል ወደ ፊት እንሄዳለን። አንድ ጥሩ ማለፊያ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ በቁልፍ ፍሪኩዌንሲ እየጻፉ መከታተል አይቻልም፤ በአምስት የተዘጋጁ ቻናሎች ግን በአውራ ጣት ብቻ ይሠራል። የጠፈር ጉዞ ሒሳብ በቅድሚያ ታስቦ በአምስት ረድፍ ውስጥ ገብቷል። ጣቢያው በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም ሰማይ ላይ ያልፋል፤ ዝርዝሩም በሁሉም ቦታ ያው ነው። የጠፈር መንኮራኩር ሲገጥምና ጠፈርተኞች ከጣቢያው ወጥተው ሲሠሩ ግን ሬዲዮው ስለሚዘጋ ማለፊያውን ከመጠበቅ በፊት ክፍት መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ ከአገር ጋር ይለወጣል

የጠፈር ጣቢያው ለሁሉም አንድ ቢሆንም የምድሩ ዝርዝር እንደዚያ አይደለም። ከውጭ ለሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ይህ ክፍል በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ዓለም ለሬዲዮ ሞገድ አስተዳደር በሦስት ክልሎች ተከፍላለች። ኢትዮጵያ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮችና አውሮፓ በክልል 1 ውስጥ ናቸው፤ አሜሪካ በክልል 2። በአሜሪካ የሁለት ሜትር የአማተር ባንድ ከ144 እስከ 148 ሜጋኸርዝ ነው፤ በክልል 1 ግን 146 ላይ ያበቃል። በአሜሪካ አማተሮች ያለ ሪፒተር የሚጠራሩበት 146.520 ነው፤ በክልል 1 145.500። በቨርጂኒያ የተሞላ ሬዲዮ ይዞ ወደ ክልል 1 አገር የሄደ ሰው የለመደውን 146.520 ቢጫን ከአማተሮች ባንድ ውጭ ይናገራል፤ ቦታው የሌላ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። በ70 ሴንቲሜትር ባንድ ደግሞ ልዩነቱ በአንድ ክልል ውስጥ እንኳ ይታያል፤ የሪፒተር ኦፍሴት በአሜሪካ 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን በብሪታንያ 1.6፣ በጀርመን 7.6 ነው።

ፈቃዱም እንደዚሁ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ የአማተር ፈተና 35 ጥያቄዎች አሉት፤ 26 የመለሰ ያልፋል፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየትኛውም ደረጃ የሞርስ ኮድ አይጠየቅም። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መገናኛ ሬዲዮ ከማስገባትና ከመጠቀም በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። በአገራችን የአማተር ሬዲዮ ቤት አለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በሚለው መጠሪያው በዓለም አማተሮች ዘንድ ይታወቃል።

ፕሮግራሙ ከሕግ አይጠብቀንም። ዩቪ-5አር የፖሊስም ሆነ የእሳት አደጋ መከላከያ ፍሪኩዌንሲ ቢጻፍለት ይቀበላል፤ ኃላፊነቱ የጻፈው ሰው ነው። ለዚህ ቺርፕ አንድ ጥሩ መሣሪያ ሰጥቶናል፤ መናገሪያን ጨርሶ የሚዘጋ ምርጫ። በአሜሪካ ከ162.400 እስከ 162.550 ባሉት ሰባት ፍሪኩዌንሲዎች የሚተላለፈውን የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ መስማት ጠቃሚ ነው፤ እዚያ መናገር ግን አይፈቀድም። ለመስማት ብቻ በሚገቡ ቻናሎች ሁሉ ላይ መናገሪያውን መዝጋት ልማድ መሆን አለበት። ሬዲዮው በልጅ እጅ ወይም በተጨነቀ ሰው እጅ ሊገባ ይችላልና።

ለሌላ ሰው የሚሆን ዝርዝር

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። 128 ቦታ ስላለ ብቻ 128ቱን መሙላት አለብን? ብዙ ጀማሪዎች በአካባቢያቸው ያለውን ሪፒተር ሁሉ በአንድ ጊዜ አውርደው ሬዲዮው ውስጥ ያፈሱታል። ውጤቱ ባለቤቱ ራሱ የማያውቀው ዝርዝር ነው። ጥሩ ዝርዝር አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ የገባበት ምክንያት ሊነገር ይችላል።

ቅደም ተከተሉ ከሁሉ በፊት ይታሰብበት። የመጀመሪያዎቹ ቻናሎች ብዙ ለምንጠቀምባቸውና በችግር ጊዜ መጀመሪያ ለምንጠራባቸው ይሁኑ። ቀጥለው የአካባቢው ሪፒተሮች፣ ቀጥለው ያለ ሪፒተር የምንነጋገርባቸው፣ በመጨረሻ ለመስማት ብቻ የሆኑት። በየምድቡ መጨረሻ ጥቂት ባዶ ቁጥሮች ቢተዉ በኋላ ሲጨመር የነበረው ቁጥር አይናጋም። አንድ ማኅበር ወይም አንድ ቤተሰብ ሬዲዮዎቹን በሙሉ በአንድ ቅደም ተከተል ቢሞላ ጥቅሙ እጥፍ ነው። በዚያ ጊዜ «ቻናል 3 እንገናኝ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል፤ ማንም ፍሪኩዌንሲ ማስታወስ የለበትም።

በተለይ ለእኛ ቁጥሩ ከስሙ ይበልጣል። ዩቪ-5አር ለስም የሚሰጠው ሰባት ፊደል ብቻ ነው፤ የሚያሳየውም የላቲን ፊደልና አሃዝ እንጂ የግዕዝ ፊደል አይደለም። የላቲን ፊደል ማንበብ ለሚከብዳቸው አዛውንት፣ ወይም በአንድ ሰፈር ውስጥ የተለያየ ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች፣ ስሙ ብዙ አይረዳም። 1፣ 2፣ 3 ግን ለሁሉም ይነበባል። የስሙን ቦታ አሳጥሮ፣ ቁጥሩን ዋና መጠሪያ አድርጎ፣ የእያንዳንዱን ቁጥር ትርጉም በአማርኛ በወረቀት አትሞ ከሬዲዮው ጋር ማስቀመጥ ዝርዝሩን የቤተሰቡ ሁሉ ያደርገዋል። ወረቀቱ ላይ መስሚያ፣ መናገሪያና ቶን ካሉበት ሌላ ሬዲዮ በቁልፍ ለመሙላትም ያገለግላል፤ ወረቀት መብራት ቢጠፋም ይነበባል።

ከዚያ መሞከር ያስፈልጋል። በሰንጠረዥ ላይ ትክክል የሚመስል ቻናል በአየር ላይ ካልተፈተነ ገና ግምት ነው። ፈቃድ ያለው ሰው እያንዳንዱን ሪፒተር ጠርቶ፣ መጠሪያውን ተናግሮ፣ መልስ ማግኘቱን ያረጋግጥ። መልስ ከሌለ በቅደም ተከተል ይመርምር፦ አቅጣጫው ልክ ነው? ኦፍሴቱስ? ቶኑስ? የተስተካከለውን ወዲያውኑ ከሬዲዮው ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ በአዲስ ቀን ያስቀምጥ። ሪፒተሮች ይዘጋሉ፣ ቶን ይቀይራሉ፣ ባለቤት ይለውጣሉ፤ ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ዝርዝሩን ከአዲስ መረጃ ጋር ማስተያየት ይገባል። ለኢትዮጵያውያን የዘመን መለወጫ ለዚህ የተመቸ ቀን ነው፤ ከክረምቱ መውጫ ጋር ይገጥማል፣ ቤተሰብም ይሰበሰብበታል።

ዲጂታል ሬዲዮ ለገዙ ሰዎች አንድ ቃል እንጨምር። ዲኤምአር በሚባለው ስርዓት አንድ ቻናል ከፍሪኩዌንሲው ሌላ ከሁለት የጊዜ ክፍልፋዮች አንዱን፣ ከ0 እስከ 15 ያለ የቀለም ኮድና የውይይት ቡድን ቁጥር ይፈልጋል። አብዛኞቹን እነዚህን ሬዲዮዎች ለመሙላት የአምራቹን ፕሮግራም መጠቀም ግድ ይላል። ሆኖም የአሠራሩ መርሕ አይለወጥም፤ መጀመሪያ ማንበብ፣ ሳይነኩ ማስቀመጥ፣ አስቦ መጻፍ፣ በአየር ላይ መፈተን።

ዝርዝራችሁ ተዘጋጅቶ ከተፈተነ በኋላ በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ብቻ እንዳትተዉት። ሰንጠረዡን ቺርፕ በተራ የሰንጠረዥ ፋይል ያወጣዋል፤ ያንን ፋይል ለማኅበራችሁ አባላት፣ ለጎረቤታችሁና ለዘመዳችሁ ላኩ፤ ገመድ ለሌለው ገመዳችሁን አውሱት፤ ፈቃድ የሌለውን ለፈተናው አዘጋጁት። በደንብ የተሞላ አንድ ሬዲዮ የሚጠቅመው በሌላው ጫፍ በደንብ የተሞላ ሁለተኛ ሬዲዮ ሲኖር ነው፤ ሁለተኛውን መሙላትም የእናንተ ሥራ ክፍል ነው።